ሚስቴ ደሞዟን ዝቅ፣ የኔን ከፍ አድርጋ ተናገረች፤ ምን ማለቷ ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ ሾፌር፦

ሰላም ለቤቱ። እዚህ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው ዝም ብዬ የምወጣው። ዛሬ ግን ነገሩ ራሱ ቤቴ ድረስ መጣብኝ።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከመጣን 16 ዓመታችን። እኔ መጀመሪያ ታክሲ፣ አሁን ኡበር እነዳለሁ። አብዛኛውን ቀን ደለስ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት። ስንመጣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሲ ኤን ኤ (የነርስ ረዳት) ሆና ነው የጀመረችው። ኮሌጅ ስትገባ ቀን እየነዳሁ፣ ማታ ልጆቹን እያስተኛሁ አለፍነው። አር ኤን (ፈቃድ ያላት ሙሉ ነርስ) ከሆነች 6 ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ከኔ በላይ ታገኛለች። ይህንን የምናውቀው እኔ፣ እሷ እና ታክስ የሚሠራልን ሰውዬ ብቻ ነን። ተደብቆ አይደለም። እንዲሁ አይወራም።

አሁን ወደ ነገሩ። ከቆጠራ ቢሮ ደብዳቤ መጣልን፤ ቤታችሁ ለጥናት ተመርጧል ይላል። መጀመሪያ አንዲት ሴትዮ በራችን ድረስ መጥታ ማን ማን እንደሚኖር፣ ማን ሥራ እንዳለው ጠየቀችን። ቀጥሎ በስልክ ሆነ። ከአራት ቀን በፊት ሲደውሉ ባለቤቴ ልብስ እያጠፈች ነበር። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስራለሁ።

ያለፈው ዓመት ገቢ ላይ ደረሱ። የባለቤትዎ ስንት ነው አላት ሰውዬው። «55 ሺህ» አለች። ማሰሪያውን ይዤ ቀና አልኩ። ታክሱ ላይ የገባው 41 ሺህ ነው። የእርስዎስ አላት። ትንሽ ዝም አለች። የፎጣ ማርገፍ ድምፅ ሰማሁ። «60 ሺህ።» የእሷ ደብልዩ ቱ (አሠሪው የሚሰጣት የዓመት ደሞዝ ወረቀት) ላይ የተጻፈው 78 ሺህ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ወረቀቱን ለታክስ ሠሪው የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ማንም አላስገደዳትም። ሰውዬው አያውቀን፣ አናውቀው። ስማችን የትም አይወጣም። ታዲያ ለማን ብላ ነው?

ውሸቱ አይደለም የቆረቆረኝ። ሰው ገመናውን ይሸፍናል። እናቴ እንግዳ ሲመጣ የሌለንን እንዳለን አድርጋ ነው ያሳደገችን። ግን እኮ ገመና ብለን የምንሸፍነው ነውር የሆነብንን ነው። የኔ ገቢ እሷ ዘንድ ነውር ነው ማለት ነው? ለክብሬ ብላ ነው እንዳልል፣ ለክብሬ ከሆነ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ይኸው ኤርፖርት ወረፋ ላይ ወንበሬን ወደ ኋላ አስተኝቼ ያቺን 14 ሺህ ብር ሳሰላ እውላለሁ። ዶላር ማለቴ ነው። ስናደድ በብር ነው የማስበው።

እስካሁን አልጠየቅኳትም። ልጠይቃት ወይስ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልለፈው? እዚህ ቤት ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ተጠንቶ ያውቃል?

ባለጠመኔው፦

ወንድሜ፣ አንብቤ ሳቄ መጣ። በአንተ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢኮኖሚክስ የማስተምር ሰው ነኝ፤ አንተ የጻፍከውን ታሪክ በየዓመቱ ተማሪዎቼ ፊት በቁጥር ነው የማወራው። ዛሬ ቁጥሩ ጫማ አድርጎ መጣ።

ራሱ የደወለላችሁ ቢሮ አጥንቶታል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ማርታ መሪ ክሎስ እና ሚስቲ ሄገነስ የሚባሉ የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ ተመራማሪዎች ባልና ሚስት ለመጠይቁ የተናገሩትን ገቢ ከግብር መዝገቡ ጋር አስተያዩት። ሚስት ከባል በላይ የምታገኝባቸውን ቤቶች ባል ይበልጥ ከሚያገኝባቸው ጋር ሲያወዳድሩ፣ የባልየው ገቢ ከመዝገቡ በ2.9 ፐርሰንት ነጥብ ከፍ ብሎ፣ የሚስትየዋ ደግሞ በ1.5 ዝቅ ብሎ ይነገራል። ደግሞ ወንዱ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚያደርገው። ሴቷም መልስ ስትሰጥ ያው ናት። የእናንተ ቤት ግን ከ2.9 በጣም ያለፈ ነው። ባለቤትህ ቸር ናት።

ከዚያ በፊት የመጣው ዋናው ጥናት የ2015ቱ ነው፤ የማሪያን በርትራንድ፣ የኤሚር ካሜኒሳ እና የጄሲካ ፓን። ግራፉን ሰሌዳ ላይ ስስለው ተማሪው ሁሉ ስልኩን ያስቀምጣል። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቤቱ ገቢ ውስጥ የሚስት ድርሻ ነው። ወደ ላይ፣ ስንት ቤተሰብ በዚያ ድርሻ ላይ እንዳለ። መስመሩ እየሄደ፣ እየሄደ ልክ 50 ከመቶ ላይ ሲደርስ እንደ ገደል ይሰበራል። 49 ላይ ብዙ ቤት አለ። 51 ላይ ቁጥሩ በአንዴ ዝቅ ይላል። ሚስት ከባል መብለጥ የምትጀምርባት ነጥብ ላይ አንድ ነገር ይዟቸዋል ማለት ነው፤ ወይ ሥራ ትቀንሳለች፣ ወይ ትተዋለች፣ ወይ መጀመሪያውኑ አይጋቡም። አልፈው በተገኙት ቤቶች ደግሞ ትዳራችን ደስተኛ ነው የሚለው ይቀንሳል፣ ፍቺ ይጨምራል። በጣም የሚገርመው ግን የቤት ሥራው ነው። ብዙ የምታገኘው ሚስት የቤት ሥራ ይቀንስላታል ብለህ ትጠብቃለህ። እነሱ ያገኙት ተቃራኒውን ነው።

አሁን ቀዝቃዛ ውኃ ላፍስበት፤ አስተማሪ ነኝና። በ2021 በፊንላንድ መረጃ የሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች ያንን ገደል ቀርበው አዩት። ብዙዎቹ 50 ላይ የተከማቹት ባልና ሚስት አንድ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ሱቅ አላቸው እንበል። ሒሳቡን ለሁለት እኩል ይካፈላሉ። ገደሉ የመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው፤ ወንድ ስለሚያፍር ብቻ አይደለም። የትዳር ደስታው መረጃም ቢሆን ከ1980ዎቹ መጨረሻና ከ90ዎቹ መጀመሪያ የተሰበሰበ የአሜሪካ መረጃ ነው። የዚያን ጊዜ ባልና ሚስት ዛሬ አያት ናቸው። ስለዚህ «ሚስት ከበለጠች ትዳር ይፈርሳል፤ ሳይንስ ነው» የሚልህን አትስማው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ያ 41 ሺህ ቤንዚኑና የመኪናው ጥገና ከወጣ በኋላ ነው? ባለቤትህ ስትናገር ከመውጣቱ በፊት ያለውን ይዛ ይሆናል እኮ። ሰው ሁሌ ስለሚያፍር አይደለም ቁጥር የሚሳሳተው።

የማታ ተረኛ፦

እኔ እንኳ ቁጥር አላውቅም። የማውቀው ሽንኩርት ነው።

ሲያትል ነኝ፣ ነርስ ነኝ፣ ከባለቤቴ በላይ ነው የማገኘው። ሺፍቴ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ነው። ጠዋት እገባለሁ። ልጆቹ እየወጡ ነው። መተኛት አለብኝ አይደል? አልተኛም። ሽንኩርት እከትፋለሁ። ቁሌቱ እስኪበስል ምድጃው ፊት ቆሜ አንቀላፋለሁ። አንድ ቀን አሮ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሕንጻውን ሙሉ አስወጣ። ጎረቤቶቼ በፒጃማ መንገድ ላይ ቆመው እኔ ማማሰያ ይዤ ይቅርታ ስል።

ባሌ ወጥ ሥሪልኝ ብሎኝ አያውቅም። በእግዚአብሔር ፊት እመሰክራለሁ። ራሱ ፓስታ ሠርቶ ልጆቹን ያበላል። ግን ውስጤ አንድ ነገር አለ። በደሞዝ በልጬው፣ ወጥ ደግሞ ካልሠራሁለት ምኑን ሚስት ሆንኩ ይለኛል። መምህሩ ተቃራኒውን አገኙ ሲሉ ሳነብ፣ እነዚህ ሰዎች ኩሽናዬ ውስጥ ካሜራ አላቸው እንዴ ብያለሁ።

ሌላም ልንገርህ። ከሰው ጋር ምግብ ቤት ከሄድን ካርዴን በጠረጴዛው ሥር ነው የማቀብለው። እሱ ነው የሚከፍለው። እቁቡ በእሱ ስም ነው፤ የምጥለው እኔ ነኝ። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ እጄን የማወጣው እኔ፣ በማይክራፎን የሚጠራው «አቶ እገሌ ከነቤተሰባቸው» ነው። እልል እላለሁ። ከልቤ ነው ደግሞ እልታው።

ይህን ሁሉ የማደርገው ለማን ነው ብለህ ብትጠይቀኝ ለባሌ አይደለም። እሱ ባላደርገውም ግድ የለውም። እናቴ ከደሴ ስትደውል «ባልሽ አሁን ምን እየሠራ ነው?» የምትለው አላት። ስለ ጤንነቱ አይደለም የምትጠይቀው። እኔ ያቺን ጥያቄ ነው ሃያ ዓመት የምመልሰው፤ በካርድም፣ በእቁብም፣ በሽንኩርትም።

ስለዚህ ባለቤትህ ለማን እንደዋሸች እሷም ላታውቅ ትችላለች። ጠይቃት። ግን በናትህ ከሺፍት በገባች ጠዋት አትጠይቃት። በዚያ ሰዓት ስሟን ብትጠይቃትም ትቆጣለች።

አቦ ተወው፦

ጀማው፣ ነገር አታክብዱ። የጥንት ሰው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ዘግቶታል። ደግሞ መምህሩ ሆነ ብሎ ያለፈው ጥናት አለ። የአሜሪካ ሴቶች ሥራ ሥራ ማለት ከጀመሩ ወዲህ ደስታቸው ወርዷል። በኢኮኖሚስት የተጻፈ ነው፤ ጉግል አድርጉት። አንዷ ምድጃ ላይ ቆማ ትተኛለች፣ አንዷ ደሞዟን ትደብቃለች። ቤቷ ብትቀመጥ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር። ደሞዝ ሲገባ ንቀት ይገባል፣ ንቀት ሲገባ ዱላ ይመጣል። አለቀ።

ባለጠመኔው፦

አቦ ተወው፣ ጥናቱን ስላነሳኸው አመሰግንሃለሁ፤ ርእሱን ብቻ ነው ያነበብከው እንጂ።

የቤትሲ ስቲቨንሰን እና የጀስቲን ዎልፈርስ ሥራ ነው፣ 2009። ከ1970ዎቹ ወዲህ የአሜሪካ ሴቶች ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት የደስታ መልስ ወርዷል፣ ከወንዱም ጋር ሲተያይ ወርዷል። እስከዚህ ልክ ነህ። ግን ቅናሹ በአንድ ዓይነት ሴት ላይ የታየ አይደለም። በየዓይነቱ የኅብረተሰብ ክፍል፣ በሌሎች በኢንዱስትሪ የበለጸጉ አገሮችም ጭምር ታይቷል። ሥራ ነው ያጠፋው የሚል ፍርድ እነሱ አልሰጡም። አንተ ነህ የሰጠኸው። እኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው። ድሮ አንዲት ሴት ደስተኛ ነሽ ስትባል ከጎረቤቷ ጋር ነበር ራሷን የምትመዝነው። አሁን ከጎረቤቷም፣ ከአለቃዋም፣ ከባሏም ጋር ነው። መለኪያው ሲበዛ ጉድለቱም ይበዛል። ይኼ የኔ ግምት ነው።

በቀጥታ ሕይወትሽ እንዴት ነው ብሎ ከመጠየቅ የሚሻል መንገድም ተሞክሯል። በ2004 ዳንኤል ካህነማን፣ አለን ክሩገር እና ባልደረቦቻቸው ቴክሳስ ውስጥ 909 ሥራ ያላቸው ሴቶችን ትናንትናቸውን በክፍል በክፍል እንዲጽፉ አደረጓቸው። ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ምን ሠራሽ፣ ምን ተሰማሽ። ጠዋት ወደ ሥራ መሄጃው መንገድ መጨረሻ ወጣ። ጠያቂያችን ሾፌር ስለሆነ በዚህ ላይ ሐሳብ ይኖረዋል።

ወደ ዱላው ልምጣ። ይህንን በግምት መመለስ አያስፈልግም፤ እዚሁ አገራችን ተሞክሯል። ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ከ27 ትልልቅ ድርጅቶች ጋር ተስማምተው፣ ለሥራ ካመለከቱና እኩል ብቃት ካላቸው ሴቶች መካከል ሥራው በዕጣ እንዲደርስ አደረጉ። የደረሳቸው ገቢያቸው ጨመረ፤ በቤቱ ውስጥ ያላቸው ድርሻም ጨመረ። ድብደባው ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አላገኙም። ደሞዝ ሲገባ ዱላ ይመጣል ያልከው አልታየም።

«ቤቷ ብትቀመጥ» ያልከውንም ሕግ አድርገነው ነበር። በኛ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስት ትታዘዘዋለች ይል ነበር። ባል ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ ትሠራለች የሚል አንቀጽም ነበረው፤ ተማሪዎቼ አያምኑኝም። አንደኛው ተጋቢ ሌላው የያዘውን ሥራ መቃወም ይችል ነበር፤ በተግባር የያዘው ሚስቲቱን ነው። በዚያው በኛ አቆጣጠር በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሁሉ አነሳ፣ የሴት የጋብቻ ዕድሜንም ከ15 ወደ 18 አደረገው። ሕጉ በሁሉም ክልል በአንድ ቀን አልተጀመረም። ተመራማሪዎች ቀድሞ የጀመረበትንና የዘገየበትን አስተያይተው፣ በጀመረበት አካባቢ ሴቶች ከቤት ውጭ ወደሚሠራ፣ ሙሉ ጊዜና ችሎታ ወደሚጠይቅ ሥራ በብዛት እንደገቡ አይተዋል። ወረቀቱ ብቻ አንድ ነገር አንቀሳቀሰ ማለት ነው።

ሕግ ሲቀየር ልብ ወዲያው አይከተልም። የዴንማርኳ ኢኮኖሚስት ኤስተር ቦስረፕ በፈረንጆቹ 1970 አንድ ነገር ብላ ነበር፤ ማረሻ ባለበት አገር ወንዱ ደጅ፣ ሴቷ ማጀት ትሆናለች፤ በመቆፈሪያ በሚታረስበት ግን ሴቷም ማሳ ላይ ናት። ማረሻ የትከሻ ጉልበት ይፈልጋል፣ በሬ ይፈልጋል፣ ሕፃን አዝሎ አይሆንም። በ2013 አልቤርቶ አሌሲና፣ ፓኦላ ጁሊያኖ እና ናታን ነን ይህንን በመረጃ ፈተሹት። አያቶቻቸው በማረሻ ያረሱ ሕዝቦች ዛሬም ሴት ከቤት ውጭ ስለመሥራቷ ያላቸው አመለካከት ጠበቅ ያለ ነው። የሚገርመው አሜሪካና አውሮፓ በተወለዱ የስደተኛ ልጆች ላይ ሳይቀር መታየቱ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ ተለይቶ ከጥንት ጀምሮ በበሬ የሚያርስ አገር ነው። እና ወንድሜ ሾፌሩ፣ ሞፈርና ቀንበርህን ይዘህ ነው አውሮፕላን የተሳፈርከው።

ጋሽ የደብረ ማርቆሱ፦

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። 71 ዓመቴ ነው። የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

መምህሩ ስለ ማረሻ ያልከው ግማሹ እውነት ነው። በኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ባል የሞተባት እንኳን መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች እንጂ ራሷ በሬ አትጠምድም። በሬ ቢኖራት፣ ጉልበት ቢኖራት አታደርገውም። ምርቷን በግማሽ ትሰጣለች። ይህን አይቻለሁ፤ የገዛ አክስቴ ናት።

ግን ሴት ማጀት ነበረች ስትሉ ያስቀኛል። አረሙን ማን አረመው? ጤፍ አረም ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ወገብ ይቆርጣል። አጨዳው ላይ ነበሩ፤ አውድማው ላይ ነበሩ። ከዚያ ገብተው ይፈጫሉ። አባቴ ሞፈሩን ሰቅሎ ጠላውን ሲጠጣ እናቴ ገና ውኃ አልወረደችም። ያ ነው ማጀት የምትሉት?

ደግሞ አንድ ነገር አላችሁም። ማን አገኘው፣ ማን አገኘው ትላላችሁ። ጎተራው የማን ነበር? እኛ ቤት የእናቴ ነበር። አባቴ አንድ ቁና ጤፍ ገበያ ሊወስድ ሲፈልግ ጉሮሮውን ጠርጎ ነበር የሚጠይቃት። ዓመቱን የምታደርሰን እሷ ነበረች። ያረሰው እሱ፣ ያደረሰችን እሷ። ስም የእሱ ነው፤ ቁልፉ እሷ ቀሚስ ላይ ነው።

አንተ አሜሪካ ያለኸው፣ ልጄ፣ እናንተ ቤት ጎተራውን ማን ነው የያዘው? እሱን ንገረኝና ስለ ደሞዙ እመልስልሃለሁ።

(ጸሐፊዋ ነኝ። አያቴ ይህን ብሎ አያቴን ቁልፉ የት ነው ብሎ ጠየቃት። ሳቀችበት። አልሰጠችውም።)

የሲልቨር ስፕሪንጉ ሾፌር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በየተራ ልመልስ።

መምህር፣ የጠዋቱ መንገድ መጨረሻ ወጣ ያልከውን ያለ ጥናት አምንሃለሁ። ያንን ፊት በኋላ ማያ መስታወት ስንት ዓመት ሳየው ኖሬያለሁ። ቤንዚኑን በተመለከተ፣ 41 ሺሁ ሁሉም ወጪ ከወጣ በኋላ ነው። ባለቤቴም ይህንን ታውቃለች፤ ደረሰኞቹን በላስቲክ አስራ መሳቢያ ውስጥ የምታስቀምጥልኝ እሷ ናት።

የማታ ተረኛ፣ እህቴ፣ ምክርሽን ሰማሁ። ጠዋት አልጠየቅኳትም። አንቺ የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ሠርግ ላይ ፖስታውን የሞላችው እሷ ነበረች፤ ስሜን ብቻ ነው የጻፈችበት። እኔ እንኳን አላስተዋልኩትም ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ።

ጋሼ፣ ለጥያቄዎ መልስ ሳስብ አንድ ሙሉ ወረፋ አለፈኝ። የጋራ ሒሳብ ነው ያለን። የባንኩን መተግበሪያ የምትከፍተው ግን እሷ ናት፤ የኔ ስልክ ላይ የሚስጥር ቁጥሩ ከጠፋኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። የቤት ኪራይ ስንት ሆነ ብትሉኝ እሷን ነው የምጠይቀው። ያው እንደ አባትዎ ጉሮሮዬን ጠርጌ። ስለዚህ ጎተራው የእሷ ነው። ስለ ደሞዙ ያሉኝን መልስ እጠብቃለሁ።

አቦ ተወው፣ ላንተ መምህሩ መልሶልሃል።

እሁድ ዕለት ቅዳሴ ወጥተን፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ቡና አፈላች። አቦሉን ጠጣሁና አወጣሁት። ያን ቀን በስልክ ያልሽውን ሰምቻለሁ አልኳት። አልደነገጠችም። ተነስታ ከኩሽናው መደርደሪያ አናት አንድ የቡና ቆርቆሮ አወረደች። ውስጡ ብር ነው። አንድ፣ አምስት፣ አስር ዶላር፤ የተጨማደደ፣ አንዳንዱ የታጠበ። ሱሪህ ኪስ ውስጥ ነው የማገኘው አለችኝ። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከመክተቴ በፊት። ቲፕ ነው፤ እኔ ተቀብዬ ኪሴ ከትቼ የረሳሁት። ዓመቱን ሙሉ ስታጠራቅም ኖራለች። ቆጥራዋለች፣ 3,140 ዶላር። ታክሱ ላይ አላስገባኸውም እንጂ ገቢህ ነው አለችኝ። (እዚህ ታክስ የምታውቁ ሰዎች፣ ገብቶኛል። ዘንድሮ አስተካክለዋለሁ።)

ያንቺስ? አልኳት። ከ78ቱ ውስጥ 13 ሺሁ ኦቨርታይም ነው አለች። «ኦቨርታይም ደሞዝ ነው እንዴ? እሱ እኮ እንቅልፌ ነው። ተጨማሪ ሌሊት እየገባሁ ነው። ደሞዝሽ ስንት ነው ሲሉኝ እንቅልፌንም ጨምሬ ልንገራቸው?»

መምህር፣ ይህ መጠይቃችሁ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አላውቅም።

ግን ሾፌር ሒሳብ ያውቃል። ከኔ 14 ሺህ ላይ 3,140 ቢቀነስ 10,860 ይቀራል። ከእሷ 18 ሺህ ላይ 13 ቢነሳ 5 ሺህ ይቀራል። ይህንን አልኳት፤ ቀሪውስ?

ቶናውን እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ጫማህን እያሰርክ እንደነበር አውቄ ነበር» አለችኝ።

በረካው ሳይደርስ ሰዓቷ ደርሶ ወደ ሥራ ሄደች።